ዝግ ያልኩት ገጽ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5 ቀን 2004

አሥራ አምስተኛው ሥዕል ላይ ነው። እስከ አሥራ አራተኛው ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል። የሆቴሉ አዳራሽ መጋረጃ ተጋርዷል፣ ፕሮጀክተሩ ያጓራል፣ እኔ ከኋላ ቆሜ ሰው ገመዱን እንዳይረግጥ እጠብቃለሁ። ከዚያ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ድርሳን የመጨረሻ ቅጠል ግድግዳውን ሞልቶ ብቅ አለ።

የያዝኩት የውኃ ጠርሙስ ከእጄ ወደቀ።

ያ ቅጠል መታየት አልነበረበትም። በጦርነቱ ጊዜ የነበሩ አንድ ገበዝ በችኮላ፣ በግዕዝ ሳይሆን ማንም በሚያነበው አማርኛ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ውድ ንዋያተ ቅድሳት የት እንደሸሸጉ የጻፉበት ነው። ዕቃዎቹ ዛሬም እዚያው ናቸው። ቦታውን እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልጽፈውም።

አዳራሹ ውስጥ የነበሩት፦ የወረዳው ሰዎች፣ ካህናት፣ አስጎብኚዎች፣ ከኮን ከተማ ድረስ የመጡ መምህራን፣ ሁለት ፈረንጆች ከለጋሾቹ፣ እና በሩ አጠገብ ጥንታዊ ዕቃ የሚሸጡ ሦስት ባለ ሱቆች። አንዱ አስጎብኚ እንግዶቹን ደስ ላሰኝ ብሎ ተነሣና ጮክ ብሎ ያነበው ጀመር። ያነባል፣ ይተረጉማል። ያነባል፣ ይተረጉማል። «አጥፉት!» ብዬ ጮህኩ። አቶ ናሆም፣ የብራና መጻሕፍትን በካሜራ የምናነሣበት ፕሮጀክት አስተባባሪ፣ ማይኩን እንደያዘ ሳቀ። «ቆይ እንጂ ብርቄ፣ መብራት ኃይል ራሱ ያጠፋልሻል» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

መምሬ ፈንታ አልሳቁም። የሚካኤል ገበዝ እሳቸው ናቸው፤ ከፊት ወንበር ተጋብዘው ተቀምጠው ነበር። መቋሚያቸውን አነሡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዘወር ብለው አዩኝ። ናሆምን አይደለም። እኔን።

ማጉረምረሙ ሲበዛ ናሆም በማይኩ እንዲህ አለ፦ «የመስክ ሠራተኛችን መዘጋት ያለበትን ገጽ ምልክት ማድረግ ነበረባት፤ አላደረገችም። ወጣት ናት፣ ትማራለች።»

አድርጌአለሁ። አድርጌአለሁ። አድርጌአለሁ።

እስከ ዛሬ ጠዋት «እርስዎ» ነበር የምለው። ከእንግዲህ «አንተ» ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

ሲነጋጋ ወጣሁ። ሚካኤል ከአሸተን ማርያም ማዶ ነው፣ የሦስት ሰዓት ዳገት። ስምንት ወር ሙሉ በዚህ ዳገት ካሜራና ማቆሚያ ተሸክሜ ወጥቻለሁ። ዛሬ ባዶ እጄን ነበርኩ፤ ዛሬ ነው የከበደኝ።

የቅጥሩ በር ላይ ሁለት ገበሬዎች ጠመንጃ ይዘው ተቀምጠዋል። ከትናንት ወዲህ የተመደቡ ናቸው። አንደኛው ሳልፍ ሁልጊዜ «እታለም፣ የኔንም መልክ አንሺው እንጂ፣ ከብራና አላንስም» የሚለኝ ሰው ነው። ዛሬ «ደግሞ ምን ልታነሺ መጣሽ?» አለኝ። «ገብሱ ማሳ ላይ እየረገፈ ነው። እኛ እዚህ ያንቺን ጣጣ እንጠብቃለን።»

በመካከላቸው አልፌ ገባሁ።

መምሬ ፈንታ ደጀ ሰላሙ ሥር ነበሩ። ስንሠራ የከረምነውም እዚያው ነው። እኔ ሴት ነኝና ዕቃ ቤት አልገባም። እሳቸው መጽሐፉን በጨርቅ ጠቅልለው ያወጡታል፣ ቅጠሉን በራሳቸው እጅ ይገልጣሉ፣ እኔ ካሜራውን ብቻ እነካለሁ። በብዙው ሥዕል ጠርዝ ላይ የእሳቸው አውራ ጣት አለ። ሌላ ቦታ የሠሩ ሰዎች ቢያዩት ጉድለት ይሉታል። እኔ ግን ቆርጬ አላወጣሁትም።

«ይፍቱኝ፣ መምሬ» ብዬ ጎንበስ አልኩ። «እግዜር ይፍታሽ» አሉ። መስቀላቸውን ግን አላወጡልኝም። እስከ ዛሬ መስቀል የነሣኝ ካህን የለም።

በሥራ ሰንጠረዡ ላይ «ዝግ» ብዬ መጻፌን ነገርኳቸው፤ ዓምዱን፣ ምልክቱን፣ ሁሉንም። ሰምተው ሲያበቁ እንዲህ አሉ፦

«ያን ቅጠል በእጄ ከድኜው ነበር፣ ልጄ። ‹ባዶም ይሁን የተጻፈበት፣ ከሽፋን እስከ ሽፋን ይነሣል፣ ደንቡ ነው› አልሽኝ። ‹የማን ደንብ?› ብልሽ ‹የዓለም› አልሽኝ። በይ እንግዲህ። ዓለም አየው።»

እውነት ነው። ያሳመንኳቸው እኔ ነኝ። አንድ ቅጠል የቀረበት መጽሐፍ ጎደሎ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ይህን ነው፣ አምንበታለሁም። ግን ተነሥቶ ይዘጋል ብዬ ማልኩላቸው። በአባባ ስም ነው የማልኩት። ዋስ የሆኑኝ አባባ ናቸው፤ መሪጌታ ናቸው፣ ከመምሬ ፈንታ ጋር በአንድ ጉባኤ ዜማ የተማሩ።

ቤት ስገባ አባባ አንድ ነገር ብቻ አሉ፦ «ቃሌን ለማን አሳልፈሽ ሰጠሽው?»

እራት አልበላሁም። ናሆም ግን በልቶ ይሆናል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ሰይድ ጋ ሄድኩ። ሰይድ ከወገል ጤና ከተማ መጥቶ ገበያው ዳር ኢንተርኔት ቤት የከፈተ ልጅ ነው፤ የፕሮጀክቱን ድረ ገጽ አብረን ነው የሠራነው። «ነይ እስቲ፣ ጠላትሽን ገልጠን እንየው» አለኝ።

ኔትወርኩ እስኪመጣ አንድ ሰዓት። መብራት ሁለቴ ጠፋ። ሲከፈት ያ ቅጠል እዚያው ተሰቅሎ አገኘነው። አዳራሽ ውስጥ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ለማንም፣ በየትም አገር።

ሰንጠረዡን አወረድነው። የእኔ ሰንጠረዥ በየመጽሐፉ አንጻር ሦስት ዓምድ ነበረው፦ ማን ፈቀደ፣ ማን አነሣ፣ ማን ማየት ይችላል። ከራሴ ያመጣሁት አይደለም። የጥንት ጸሐፊዎች በየመጽሐፉ ላይ እንዲሁ ነው የሚያደርጉት፤ ይህን መጽሐፍ ያጻፈው እገሌ፣ የጻፈው እገሌ፣ የሰረቀው የፋቀው ውጉዝ ይሁን። ባለቤት፣ ሠሪ፣ ክልከላ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ይህን በእንግሊዝኛ ስም እንደ አዲስ ነገር አስተማሩኝ፤ እኔ ከአባባ ትከሻ ላይ ሆኜ የማነበው ነገር ነበር።

ሦስቱም ዓምዶች የሉም። ፍቋቸዋል። በቦታቸው አንድ ዓምድ ገብቷል፣ «ፎቶግራፍ» የሚል፣ ከላይ እስከ ታች የእሱ ስም ብቻ። በስምንት ወር ውስጥ ዳገቱን የወጣው ሁለት ጊዜ ነው። አንዱን በበቅሎ።

ሰይድ «ወላሂ፣ በቅሎዋ ከሱ የተሻለ ታውቃለች» አለ። አልሳቅሁም።

ከዚያ ትዝ አለኝ። ዕለት ዕለት ሥራ ስንጨርስ በየፋይሉ ሆድ ውስጥ ጽሑፍ እከት ነበር። ሥዕሉን የሚያይ ሰው አያየውም፤ የፋይሉን ዝርዝር የከፈተ ብቻ ያገኘዋል። ናሆም የሚያውቀው ሰንጠረዡን ብቻ ነው። ሰይድ ያን ቅጠል ከድረ ገጹ አወረደና ዝርዝሩን ከፈተው።

አነሣች፦ ብርቅነሽ። ፈቀዱ፦ ገበዝ መምሬ ፈንታ። ሁኔታ፦ ዝግ። ያለ ገበዙ ፈቃድ ለማንም አይታይ።

ከራሱ ድረ ገጽ ላይ! የሰቀለው ሥዕል ራሱ አትስቀለኝ እያለ ነው የተሰቀለው።

ሰይድ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «አንቺ ጉደኛ! ሆዱ ውስጥ ምስክር ቀብረሽበታል!» ሁለት ቅጂ አተመልኝ። ወረቀቱን ነጠላዬ ሥር አቅፌ በዋናው መንገድ መሐል ለመሐል ሄድኩ። ከማክሰኞ ወዲህ ቀና ብዬ ስሄድ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 8

የናሆም ቢሮ ገባሁ። ከወረዳው የመጣ አንድ ኃላፊ አብሮት ተቀምጦ ነበር። ይሻላል፣ ሰው ይስማ አልኩና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት።

አነበበ። ጆሮው ቀላ። ከዚያ ያን ፈገግታውን አመጣው።

«ብርቄ፣ የለጋሾቹ ቅጽ ውስጥ ለዚህ ቦታ የለም። የአማርኛ አስተያየት አይቀበልም። ትርፍ ስለሆነ አወጣሁት። ስታንዳርድ ነው።»

«አስተያየት አይደለም። ክልከላ ነው።»

«ቅርስ የሰው ልጅ ሁሉ ነው። የአንድ ገበዝ አይደለም።»

«የሰው ልጅ ሁሉ ከሆነ በየሥዕሉ ላይ ያንተ ስም ብቻ ምን ይሠራል?»

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኅቴ፣ ይሄ የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት ነው። የግል ዝና ፍለጋ ልማቱን ያደናቅፋል» አለኝ። ግምገማ ላይ ያለ ይመስለዋል፣ ሻይ እየጠጣ እንኳ።

«እሺ፣ ስሜ ይቅር። ገጹን ዛሬ አውርደው» አልኩት። ገበሬዎቹ ሰብላቸውን ጥለው በር ላይ መቀመጣቸውን ነገርኩት።

«ለጋሾቹ ሰኞ ያዩታል። ሪፖርቱ ላይ ሙሉ መጽሐፍ ብለናል። ከዚያ በኋላ እናስብበታለን።»

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ሳልሸፋፍን እጽፋለሁ። ሰይድ ጋ ገባሁ። የድረ ገጹን የይለፍ ቃል ያወጣሁት እኔ ነኝ። ናሆም ቀይሮት አያውቅም፣ እንዴት እንደሚቀየርም አያውቅም። ያን ቅጠል አወረድኩት። ከዚያ ጣቴ «ሁሉንም አጥፋ» የሚለው ላይ ሄዶ ቆመ። አንድ ጊዜ ብነካው የእሱ ስም ያለበት ሁሉ የለም። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያች ቅጽበት የጣፈጠኝ ነገር የለም።

«ብርቄ» አለ ሰይድ። «ያንቺን ልጅ ነው የምታርጂው እኮ። የሱ ምኑም አይደለም።»

ጣቴን አነሣሁ። አላጠፋሁም። ድረ ገጹን ግን በሙሉ ዘጋሁት፣ የይለፍ ቃሉንም ቀየርኩት። መግቢያው ላይ አንድ መስመር ተውኩ፦ ከመጻሕፍቱ ባለቤቶች ጋር እስክንነጋገር ዝግ ነው።

እስቲ አሁን ለሰኞ ምን ያሳያል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

ከናሆም የመጡ መልእክቶች፣ በቅደም ተከተል፦ «ሲስተሙ ችግር አለበት መሰለኝ፣ እባክሽ እዪው።» «ብርቅነሽ፣ ይህ ወንጀል ነው።» «እኅቴ፣ እንነጋገር።» በአንድ ጠዋት ከጥገና ሠራተኛ ወደ ወንጀለኛ፣ ከወንጀለኛ ወደ እኅት አደግሁ። አንዱንም አልመለስኩ።

ገበያ ወረድኩ። ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ለጎረቤቷ በሹክሹክታ፣ እኔ ግን እንድሰማ አድርጋ «ያቺ ናት፣ የሚካኤልን ምሥጢር ለፈረንጅ ያስነበበችው» አለች። ወረቀቱን አውጥቼ ላሳያት ፈለግሁ። ማንበብ እንደማትችል ትዝ አለኝና ሽንኩርቱን ገዝቼ ሄድኩ። ከሁሉ ያንገበገበኝ ይህ ነው። እሱ በማይክ የተናገረውን እኔ በወረቀት አልመልሰውም።

ለናሆም የምመኝለት፦ ዳገቱን በእግሩ፣ ፕሮጀክተሩን በጀርባው። ከየሥዕሉ ላይ ስሙን አንድ በአንድ፣ እንደ ብራና በምላጭ እንዲፍቅ። በየገጹ እጁ እንዲደክም። የመምሬ ፈንታ ውሻ ደግሞ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ባቱ ላይ።

ለአባባ ድረ ገጹን መዝጋቴን ነገርኳቸው። ብዙ አሰቡና «የበደለሽን ሰው ቤት ቆልፈሽ ቁልፉን መያዝ ምን ይባላል?» አሉ።

«መያዣ ይባላል።»

ሊስቁ ነበር፤ ከረቡዕ ወዲህ እንደተኮራረፍን ትዝ ሲላቸው ተዉት።

እሑድ፣ ኅዳር 10

ሽማግሌ ላከብኝ!

ከቅዳሴ መልስ ሦስት የከተማው ሽማግሌዎች በራችን ላይ ቆሙ። ከኋላቸው ናሆም፣ ነጠላ አጣፍቶ። ነጠላ ለብሶ አይቼው አላውቅም፤ የመደብሩ እጥፋት እንኳ አልለቀቀም። አባባ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ቢሉ ሽማግሌዎቹ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ወጉ ነው። እሺ ይሰማል ተብሎ ተቀመጡ።

ትልቁ ሽማግሌ ጀመሩ፦ «ሰው ያጠፋል፣ ሰው ይቆጣል። ይኸው ይቅርታ ብሎ መጥቷል። አንቺም ለእግዜር በይው፣ ልጄ። እኛም ጉዳያችን ሞላልን ብለን እንሂድ።»

«ስለ ምኑ ነው ይቅርታው?» አልኩ።

«ስለተፈጠረው ነገር» አለ ናሆም።

«ምን ተፈጠረ?»

«አለመግባባት።»

ያኔ ገባኝ። የሽማግሌ እርቅ በእኛ አገር ክቡር ነው፤ ደም አድርቋል፣ ስንት ቤት አትርፏል። ግን አንዴ «ለእግዜር» ካልኩ ነገሩን ዳግመኛ ማንሣት ነውር ነው። እኔ ዝም እላለሁ፣ የሽንኩርቷ ሴት ማውራቷን ትቀጥላለች፣ መምሬ ፈንታ ተከዳሁ እንዳሉ ይኖራሉ፣ እሱ የይለፍ ቃሉን ይዞ ለሰኞ ይደርሳል። የገበዙን ፈቃድ ትርፍ ነው ብሎ የፋቀ ሰው ይህችን ደንባችንን ግን አጥንቷታል።

ተነሥቼ ጎንበስ አልኩ። «አባቶቼ፣ እግራችሁ ሥር ነኝ። የተበደልኩት ግን እኔ ብቻ አይደለሁም። ማክሰኞ ሚካኤል ነው። ከቅዳሴ በኋላ፣ መምሬ ፈንታና ሕዝቡ ባሉበት፣ ምን እንዳደረገ በገዛ አፉ ይናገር። ያኔ ለእግዜር እላለሁ።»

«ሴት ልጅ ሽማግሌ ትመልስ ጀመር?» አሉ አንደኛው።

አባባን አየሁ። ከሁሉም የፈራሁት እሳቸውን ነው። ጋቢያቸውን ሰበሰቡና በቀስታ እንዲህ አሉ፦ «ዜማ ቤት ሳለን የሳተ ተማሪ ከሳተበት ጀምሮ ነው እንደገና የሚለው። ከሚቀጥለው አይደለም። ልጄ የጠየቀችው ይህንኑ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ትልቁ ወደ ናሆም ዞረው «ሰማህ?» አሉት። እሱ ራሱን ነቀነቀ። ሲወጡ ግን ወደ ኋላ ቀርቶ በጆሮዬ እንዲህ አለኝ፦ «ከእንግዲህ በዚህ ሙያ ሥራ የምታገኚ ይመስልሻል?»

ቃል በቃል ጻፍኩት። እንዳልረሳው።

ሰኞ፣ ኅዳር 11

ለለጋሾቹ ጻፍኩ። አጭር። ድረ ገጹን የዘጋሁት እኔ መሆኔን፣ ለምን እንደዘጋሁት፣ የሁለቱን ሰንጠረዦች ሦስት ዓምድ ልዩነት፣ የፋይሉን ዝርዝር። ስድብ አልጨመርኩም። ሦስት ጊዜ ጨምሬ ሦስት ጊዜ አወጣሁት።

እስከ ማታ መልስ የለም።

ሌላ ወሬ ግን መጣ። ማክሰኞ ዕለት አዳራሽ ከነበሩት ባለ ሱቆች አንዱ ትናንት «ልሳለም» ብሎ ሚካኤል ወጥቶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ሲንጎራደድ ጠባቂዎቹ መልሰውታል። መሳለሚያው በስተፊት ነው። እስካሁን ስለ ስሜ፣ ስለ አባባ ቃል ነበር የማስበው። አንዱ ዕቃ እንኳ ቢጠፋ ናሆም ሕዝብ ፊት ቢንበረከክ ምን ይጠቅመኛል? እሱን የማልምረውን ያህል ራሴንም አልምርም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ሕዝቡ ከታች እስከ ላይ ዳገቱን ነጭ አልብሶታል። ታቦቱ ዞሮ ገባ። መምሬ ፈንታ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው «አንድ እንግዳ የሚናገረው አለው» አሉ።

መጥቷል። በእግሩ ነው የመጣው፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ አቧራ። ለጋሾቹ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ መጻፋቸውን ትልቁ ሽማግሌ ነገሩኝ፦ የገበዙ ፈቃድ ካልመጣ ሪፖርቱን አንቀበልም ብለዋል። ይሁን። በፈቃዱ ባይመጣም መጣ።

መናገር ጀመረ፤ ለራሱ ጫማ ነው የሚናገረው።

«አይሰማም!» አሉ ዛፉ ሥር የተቀመጡ አንዲት ባልቴት። «ሲያጠፋ በማይክ፣ ሲናዘዝ በሹክሹክታ! ጎላ አርገው፣ የኔ ልጅ!»

ጎላ አደረገው። «ብርቅነሽ ገጹን ዝግ ብላ ጽፋ ነበር። የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ሥራውም የእሷ ነው፤ ስሟንም የሰረዝኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ «ለሥራው ጥራት ብዬ እንጂ…» ብሎ ሲቀጥል መምሬ ፈንታ እጃቸውን አነሡ። «እዚያ ላይ ይበቃል» አሉ።

የምጠግብ መስሎኝ ነበር። አልጠገብኩም። «ለእግዜር ብያለሁ» አልኩ፣ ቃሌን ጠብቄ። አፌ ብሏል። ልቤ ገና ነው፤ ለማለትም አይቸኩልም።

ሕዝቡ ሲበተን መምሬ ፈንታ ጠሩኝ። «ዕቃዎቹ ከቦታቸው ተነሥተዋል። ሦስቱም ደህና ናቸው። የት ብለሽ ግን አትጠይቂኝ።»

«አልጠይቅም፣ መምሬ።»

«ደግ።» መቋሚያቸውን አነሡ። «ወደ ፊት እንዳይጻፍም ተስማምተናል።»

የድረ ገጹን የይለፍ ቃል በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። ማንም ለመክፈት ቢፈልግ መጀመሪያ እሳቸውን ይጠይቅ። አጥፈው ጥምጥማቸው እጥፋት ውስጥ ከተቱት። በካሜራ ገና ያልተነሡት መጻሕፍትስ ብዬ ጠየቅሁ። «እንመካከርበታለን» አሉ። በእሳቸው አፍ ይህ እሺም እምቢም ሊሆን ይችላል። ወደ ቤት ስወርድ ውሌ እንደማይታደስ በስልክ ተነገረኝ። የደወለችልኝ የቢሮው ጸሐፊ አለቀሰች፤ እኔ አላለቀስኩም።

እንግዲህ ሥራ የለኝም። ይህን ግን ልጻፈው። ባለቤቱ እምቢ የሚልበት ቦታ የሌለው ቅጽ ከእንግዲህ አልሞላም፣ ማንም ይላከው ማን። የለፋሁበትን በሌላ ሰው ስም አላስረክብም። በደሉ በስሙ ሳይጠራ እርቅ አልቀመጥም፣ ሽማግሌው የገዛ አባቴ ቢሆኑም። አንድ ሽማግሌ ካህን ገጽ በእጃቸው ሲከድኑም ያ እጅ ይነሣ ብሎ የሚያዘኝን ሰው አልሰማም። ያ ሰው እኔ ራሴ ብሆንም።